ዓረፍተ ነገርን ሐሳቡን ሳያዛቡ መገልበጥ፦ ኦብቨርዥን፣ ኮንቨርዥን፣ ኮንትራፖዚሽን

«ይህ በሽታ የያዛቸው ሁሉ ትኩሳት አላቸው» ሲባል የሰማ ሰው፣ «እንግዲያው ትኩሳት ያላቸውን ሁሉ ይህ በሽታ ይዟቸዋል» ብሎ ቢደመድም አይገርምም። ቃላቱ ያው ናቸው፤ ቦታ ብቻ ተለዋወጡ። ችግሩ የመጀመሪያው እውነት ሆኖ ሳለ ሁለተኛው ዓይን ያወጣ ሐሰት ሊሆን መቻሉ ነው። በሌላ በኩል ግን «ትኩሳት የሌላቸው ሁሉ ይህ በሽታ ያልያዛቸው ናቸው» ብንል ምንም አላጠፋንም። ያንኑ ሐሳብ ነው በሌላ መልክ ያስቀመጥነው።

የትኛው ግልበጣ ይፈቀዳል፣ የትኛው አይፈቀድም? ይህን መለየት ከአርስቶትል ጀምሮ፣ ማለትም ከ4ኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ወዲህ፣ የነባሩ ሎጂክ ሥራ ነው። መሣሪያዎቹ ሦስት ናቸው፦ ኦብቨርዥን፣ ኮንቨርዥንና ኮንትራፖዚሽን። ስማቸው ያስፈራል እንጂ ሥራቸው ቀላል ነው። አስቸጋሪው ከእነሱ በፊት ያለው ሥራ ነው። ስለዚህ እዚያ ላይ ትንሽ እንቆያለን።

መጀመሪያ ዓረፍተ ነገሩን መልክ አስይዙት

ነባሩ ሎጂክ የሚያውቀው አራት ዓይነት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። መጠሪያቸው ፊደል ነው፦

ኤ (A)፦ ሁሉም ዓሣ ነባሪዎች አጥቢዎች ናቸው።
ኢ (E)፦ አንድም ዓሣ ነባሪ ዓሣ አይደለም።
አይ (I)፦ አንዳንድ አጥቢዎች በራሪዎች ናቸው።
ኦ (O)፦ አንዳንድ ወፎች በራሪዎች አይደሉም።

ፊደሎቹ የተወሰዱት ከሁለት የላቲን ቃላት አናባቢዎች ነው። «አፊርሞ» (affirmo) ማለት አረጋግጣለሁ ነው፤ ኤ እና አይ ከእሱ መጡ። «ኔጎ» (nego) ማለት እክዳለሁ ነው፤ ኢ እና ኦ ከእሱ መጡ። ስለዚህ ኤ እና አይ አዎንታዊ፣ ኢ እና ኦ አሉታዊ ናቸው። ኤ እና ኢ ስለ መደቡ (ስለሚናገሩለት ቡድን) በሙሉ ይናገራሉ፤ አይ እና ኦ ስለ ከፊሉ።

በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አራት ክፍሎች አሉ። ብዛት የሚናገር ቃል (ሁሉም፣ አንድም፣ አንዳንድ)፣ ባለቤት፣ ፕሬዲኬት (ስለ ባለቤቱ የሚነገረው)፣ በመጨረሻም ማሰሪያው «ነው» ወይም «አይደለም»። አራቱን ነጣጥላችሁ ማየት ካልቻላችሁ ወደ ግልበጣው አትሂዱ።

«አንዳንድ» የሚለውን ቃል በተለመደው አነጋገር አትስሙት። እዚህ ትርጉሙ «ቢያንስ አንድ» ነው፤ ከዚያ በላይ ምንም አይልም። ተጋማሽ የሆነ ብቸኛ ቁጥር 2 ብቻ ነው። ቢሆንም «አንዳንድ ብቸኛ ቁጥሮች ተጋማሽ ናቸው» እውነት ነው። እንዲሁም «አንዳንድ» ስንል «ሁሉም አይደሉም» እያልን አይደለም። ሁሉም ቢሆኑም ዓረፍተ ነገሩ እውነት እንደሆነ ይቀጥላል።

አሁን የሰው አነጋገር ወደነዚህ አራት መልኮች ሲመጣ የሚያጋጥሙትን ወጥመዶች እንይ።

ትልቁ ወጥመድ «ሁሉ» እና «አይደለም» አብረው ሲመጡ ነው። «የሚያብለጨልጭ ሁሉ ወርቅ አይደለም» እንላለን። ቃል በቃል ካነበብነው «ከሚያብለጨልጩት አንዱም ወርቅ አይደለም» ሊመስል ይችላል፤ ያ ኢ ነው። የምንለው ግን እሱን አይደለም። ወርቅም እኮ ያብለጨልጫል። የምንለው «አንዳንድ የሚያብለጨልጩ ነገሮች ወርቅ አይደሉም» ነው፤ ያ ደግሞ ኦ ነው። «ሁሉም ወፎች አይበሩም» ሲባልም እንዲሁ ሁለት ዓይነት ይሰማል። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ሲገጥማችሁ ተናጋሪው የፈለገውን ከዐውዱ ፈልጉ። ከዚያ ወይ «አንድም... አይደለም» ወይ «አንዳንድ... አይደሉም» ብላችሁ ጻፉት። «ሁሉም... አይደሉም» የሚለውን መልክ ወደ ሥራው ይዛችሁ አትግቡ። ይህን ካለፋችሁ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው።

ሁለተኛው «ብቻ» ነው። «አባላት ብቻ ይገባሉ» ማለት «ሁሉም አባላት ይገባሉ» ማለት አይደለም። የቦታ ጉዳይ ሊኖር ይችላል፤ ያልከፈለ አባልም ሊመለስ ይችላል። ትክክለኛው መልክ «ሁሉም የሚገቡ ሰዎች አባላት ናቸው» ነው። «ብቻ» የተጠጋው ቃል ፕሬዲኬት ይሆናል።

ሦስተኛው ግሥ ነው። «ወፎች ሁሉ እንቁላል ይጥላሉ» የሚለው ውስጥ ሁለት መደብ አይታይም። «ሁሉም ወፎች እንቁላል የሚጥሉ እንስሳት ናቸው» ስትሉት ግን ይታያል። «የሚ...» ብሎ ግሡን ወደ መደብ መቀየር ሁልጊዜ ይሠራል።

የአንድ ሰው ስም ከመጣ፣ ለምሳሌ «ሶቅራጥስ ፈላስፋ ነው» ከተባለ፣ እንደ ኤ ቁጠሩት። «ካሬ ከሆነ ሬክታንግል ነው» የሚለውም ኤ ነው፤ «ሁሉም ካሬዎች ሬክታንግሎች ናቸው» ማለት ነው።

አሉታው የተቀመጠው የት ነው?

ይህን በደንብ ያዙት፤ ቀሪው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። አሉታ ሁለት ቦታ ሊገባ ይችላል። አንደኛው ማሰሪያው ላይ ነው፦ «አይደለም»። ሁለተኛው ቃሉ ራሱ ላይ ነው፦ «ያልሆነ»። «አንዳንድ ወፎች በራሪዎች አይደሉም» አሉታዊ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ኦ። «አንዳንድ ወፎች በራሪ ያልሆኑ ናቸው» ግን አዎንታዊ ነው፤ አይ። ምክንያቱም ማሰሪያው «ናቸው» ነው። መልእክታቸው አንድ ቢሆንም በቅርጽ ይለያያሉ። ግልበጣ ደግሞ የሚሠራው በቅርጽ ነው።

«በራሪ ያልሆነ» የሚለው መደብ የ«በራሪ» ኮምፕሊመንት ይባላል። ከበራሪዎች ውጭ ያለውን ሁሉ ይይዛል። ሁሉን ስል ሁሉን ነው፤ ሰጎንም፣ ወንበርም፣ 7 ቁጥርም በራሪ ካልሆኑት ውስጥ ናቸው። አንድ ነገር ወይ መደቡ ውስጥ ነው፣ ወይ ኮምፕሊመንቱ ውስጥ፤ መካከል ላይ የሚቀር የለም።

ስለዚህ ኮምፕሊመንትን ከተቃራኒ ጋር አታምታቱ። የ«ነጭ» ኮምፕሊመንት «ጥቁር» ሳይሆን «ነጭ ያልሆነ» ነው፤ ቀይም እዚያ አለ። የ«ሞቃት» ኮምፕሊመንት «ቀዝቃዛ» አይደለም፤ ለብ ያለ ውኃ አለና። «ኢ-» ያለባቸው ቃላትም ይሸውዳሉ። «ፍትሐዊ ያልሆነ» ስንል ድንጋይንም ይጨምራል። ድንጋይን ግን «ኢፍትሐዊ» ብሎ የሚሰድብ የለም። ስለዚህ ኮምፕሊመንት ስትፈልጉ «ያልሆነ»፣ «የሌለው» ወይም «ያል...» የሚለውን መንገድ ተጠቀሙ። አማርኛው ይንሻፈፋል፤ ስህተት ግን አይገባበትም።

ኦብቨርዥን፦ ለሁሉም የሚሠራው

ብዙ መማሪያዎች የሚጀምሩት ከኮንቨርዥን ነው። እኔ ኦብቨርዥንን አስቀድማለሁ፤ አራቱም ላይ ያለ ቅድመ ሁኔታ ይሠራልና። ሥራው ሁለት ብቻ ነው።

1. አዎንታዊውን አሉታዊ፣ አሉታዊውን አዎንታዊ አድርጉ። ባለቤቱን አትንኩ። ስለ ሙሉ የሚናገር ስለ ሙሉ፣ ስለ ከፊል የሚናገር ስለ ከፊል ይቆይ።
2. ፕሬዲኬቱን በኮምፕሊመንቱ ተኩ።

በመጀመሪያ ያስቀመጥናቸው አራቱ ሲሠሩ ይህን ይመስላሉ፦

ኤ ወደ ኢ፦ አንድም ዓሣ ነባሪ አጥቢ ያልሆነ አይደለም።
ኢ ወደ ኤ፦ ሁሉም ዓሣ ነባሪዎች ዓሣ ያልሆኑ ናቸው።
አይ ወደ ኦ፦ አንዳንድ አጥቢዎች በራሪ ያልሆኑ አይደሉም።
ኦ ወደ አይ፦ አንዳንድ ወፎች በራሪ ያልሆኑ ናቸው።

«ሁሉም» ወደ «አንድም» መቀየሩ ብዛቱን ቀየረ ማለት አይደለም፤ ሁለቱም ስለ መደቡ በሙሉ ነው የሚናገሩት። ለምን እንደሚሠራም ግልጽ ነው። ሁለቴ ክደናል፤ አንዴ ማሰሪያው ላይ፣ አንዴ ቃሉ ላይ። ክህደቶቹ ተጣፉ።

ኮንቨርዥን፦ ቦታ መለዋወጥ

እዚህ የሚደረገው ባለቤቱንና ፕሬዲኬቱን ማቀያየር ብቻ ነው። ሌላ የሚነካ ነገር የለም። የሚሠራው ግን ለኢ እና ለአይ ብቻ ነው።

«አንድም ዓሣ ነባሪ ዓሣ አይደለም» ካልን «አንድም ዓሣ ዓሣ ነባሪ አይደለም» ማለታችንም ነው። ሁለት መደቦች የማይገናኙ ከሆነ ከየትኛውም ወገን ቢታዩ አይገናኙም። «አንዳንድ አጥቢዎች በራሪዎች ናቸው» ካልን ደግሞ «አንዳንድ በራሪዎች አጥቢዎች ናቸው» እንላለን። የሌሊት ወፍ ሁለቱም መደብ ውስጥ አለች፤ ማንን አስቀድመን ብንጠራ ከዚያ አትወጣም።

ኤ ላይ ሲደረግ ግን ይበላሻል። «ሁሉም ካሬዎች ሬክታንግሎች ናቸው» እውነት ነው። «ሁሉም ሬክታንግሎች ካሬዎች ናቸው» ሐሰት ነው። የበሽታውና የትኩሳቱ ነገርም ይኸው ነው። ኦ ላይም አይሠራም፦ «አንዳንድ ወፎች ርግቦች አይደሉም» እውነት፣ «አንዳንድ ርግቦች ወፎች አይደሉም» ሐሰት።

ምክንያቱን ማወቅ ሕጉን ከመሸምደድ ይሻላል። ለእያንዳንዱ መደብ ይህን ጠይቁ፦ ዓረፍተ ነገሩ የሚናገረው ስለ መደቡ አባላት በሙሉ ነው ወይስ ስለ ከፊሎቹ? «ሁሉም ካሬዎች ሬክታንግሎች ናቸው» ሲል ስለ ካሬዎች በሙሉ ተናግሯል። ስለ ሬክታንግሎች በሙሉ ግን ምንም አላለም። ስትገለብጡት ግን «ሁሉም ሬክታንግሎች» ብላችሁ ስለ ሁሉም ማውራት ትጀምራላችሁ። መረጃው ከየት መጣ? ከየትም። ያልተሰጣችሁን ነው የወሰዳችሁት።

አራቱም በዚህ ዓይን ሲታዩ፦ ኤ ስለ ባለቤቱ በሙሉ ይናገራል፣ ስለ ፕሬዲኬቱ ግን አይደለም። ኢ ስለ ሁለቱም በሙሉ ይናገራል። አይ ስለ አንዳቸውም በሙሉ አይናገርም። ኦ ስለ ፕሬዲኬቱ ብቻ በሙሉ ይናገራል። የመጨረሻው ግር ሊል ይችላል። «አንዳንድ ወፎች ርግቦች አይደሉም» ማለት እነዚያ ወፎች ከርግቦች መደብ በሙሉ ውጭ ናቸው ማለት ነው። ከርግቦች አንዷን እንኳ አይሆኑም። ስለዚህ ስለ ርግቦች ሁሉ ተነግሯል። ኢ እና አይ ሁለቱም ወገናቸው እኩል ስለሆነ መገልበጥ አያናጋቸውም። ኤ እና ኦ ያዘነበሉ ስለሆኑ ሲገለበጡ ይወድቃሉ።

ለኤ ነባሩ ሎጂክ አንድ መውጫ ትቶለታል። ቦታ ስትለዋውጡ «ሁሉም»ን ወደ «አንዳንድ» አውርዱት፦ «አንዳንድ ሬክታንግሎች ካሬዎች ናቸው»። ይህ የተወሰነ ኮንቨርዥን ይባላል። ትክክል ነው፤ ግን አቻ አይደለም። ከኤ ወደ እሱ መሄድ ይቻላል፣ ከእሱ ወደ ኤ መመለስ አይቻልም። ጥያቄው «አቻውን ስጡ» የሚል ከሆነ ይህን መልስ አትስጡ፤ «ምን ይከተላል?» ከሆነ ግን ስጡ። ለኦ ይህም የለውም።

ኮንትራፖዚሽን፦ ሁለቱ ሲጣመሩ

አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ባለቤቱንና ፕሬዲኬቱን አቀያይሩ፣ ከዚያ ሁለቱንም በኮምፕሊመንታቸው ተኩ። ማሰሪያውና ብዛቱ እንደነበሩ ይቆያሉ።

«ሁሉም ካሬዎች ሬክታንግሎች ናቸው» የሚለው «ሁሉም ሬክታንግል ያልሆኑ ነገሮች ካሬ ያልሆኑ ናቸው» ይሆናል። ይህ ለኤ እና ለኦ ይሠራል፤ የኮንቨርዥን ግልባጭ ነው። ለምን እንደሚሠራ ለማየት ወደ ትንንሽ እርምጃዎች በትኑት፦

መነሻ፦ ሁሉም ካሬዎች ሬክታንግሎች ናቸው።
ኦብቨርዥን፦ አንድም ካሬ ሬክታንግል ያልሆነ አይደለም።
ኮንቨርዥን፦ አንድም ሬክታንግል ያልሆነ ነገር ካሬ አይደለም።
ኦብቨርዥን፦ ሁሉም ሬክታንግል ያልሆኑ ነገሮች ካሬ ያልሆኑ ናቸው።

ኤ በቀጥታ አይገለበጥም ነበር። ኦብቨርዥን ወደ ኢ ስለቀየረው ግን ተገለበጠ። ኦ ደግሞ ወደ አይ ተቀይሮ በዚያው መንገድ ያልፋል። የአይ መንገድ የሚዘጋው መካከል ላይ ነው፤ ኦብቨርዥን ሲደረግ ኦ ይሆናል፣ ኦ ደግሞ አይገለበጥም። የኢ መንገድ ወደ ኤ ያመጣችኋል፣ እዚያ ያለው የተወሰነው ኮንቨርዥን ብቻ ነው፤ በዚህ መንገድ የሚገኘው የተወሰነ ኮንትራፖዚሽን ይባላል።

የማይሠሩትን በምሳሌ እንያቸው። «አንድም ሰው ድንጋይ አይደለም» እውነት ነው። ኮንትራፖዚሽኑ «አንድም ድንጋይ ያልሆነ ነገር ሰው ያልሆነ አይደለም» ይላል። ዛፍ ድንጋይ አይደለም፣ ሰውም አይደለም። ስለዚህ ወደቀ። ለአይ ምሳሌ ማግኘት ትንሽ ያስቸግራል፤ ይህ ግን ይበቃል፦ «አንዳንድ ሰው ያልሆኑ ነገሮች ድንጋይ ያልሆኑ ናቸው»። እውነት ነው፤ ዛፍን ተመልከቱ። የዚህ ኮንትራፖዚሽን «አንዳንድ ድንጋዮች ሰዎች ናቸው» ነው።

አሁን «ከሆነ» እና «ካልሆነ» የሚሉትን አስታውሱ። «ካሬ ከሆነ ሬክታንግል ነው» ከተባለ፣ «ሬክታንግል ካልሆነ ካሬ አይደለም» ትክክል ነው። «ካሬ ካልሆነ ሬክታንግል አይደለም» ግን ስህተት ነው። በክርክር መሐል ሁለተኛው ከአንደኛው እኩል ያሳምናል፤ ጉዳቱም እዚያ ላይ ነው።

ጥያቄ ሲቀርብ

መነሻውንና መድረሻውን ጎን ለጎን አስቀምጡና ሁለት ነገር ጠይቁ። ቃላቱ ቦታ ተለዋውጠዋል? ከሆነ የሆነ ቦታ ላይ ኮንቨርዥን ያስፈልጋል። «ያልሆነ» የሚል ተጨምሯል ወይስ ተቀንሷል? ከሆነ ኦብቨርዥን ያስፈልጋል። ቅደም ተከተሉን የሚወስነው ኮንቨርዥን የሚፈልገው ቅርጽ ነው፦ ኢ ወይም አይ ላይ ሳትደርሱ አትገልብጡ።

«አንድም ያልተመዘገበ ተሽከርካሪ መድን ያለው አይደለም» ተሰጠን እንበል። «ሁሉም መድን ያላቸው ተሽከርካሪዎች የተመዘገቡ ናቸው» የሚለው ይከተላል? ቃላቱ ቦታ ተለዋውጠዋል፣ «ያልተመዘገበ» ደግሞ «የተመዘገበ» ሆኗል። መነሻው ኢ ስለሆነ ወዲያው ይገለበጣል፦ «አንድም መድን ያለው ተሽከርካሪ ያልተመዘገበ አይደለም»። አሁን ኦብቨርዥን፦ «ሁሉም መድን ያላቸው ተሽከርካሪዎች የተመዘገቡ ናቸው»። ደረስን፤ ያውም አቻ ነው። እዚህ ሁሉም መደብ በተሽከርካሪዎች ዓለም ውስጥ እንደሆነ ልብ በሉ። ዓለሙን መካከል ላይ እስካልቀየራችሁ ድረስ እንዲህ ማጥበብ ይቻላል።

አሁን ደግሞ እውነትነት እንጠይቅ። «ሁሉም የሌሊት ወፎች አጥቢዎች ናቸው» እውነት ከሆነ፣ «አንዳንድ አጥቢ ያልሆኑ እንስሳት የሌሊት ወፎች ናቸው» ምንድን ነው? የመነሻው ኦብቨርዥን «አንድም የሌሊት ወፍ አጥቢ ያልሆነ አይደለም» ነው። ገልብጡት፦ «አንድም አጥቢ ያልሆነ እንስሳ የሌሊት ወፍ አይደለም»። ይህ እውነት ከሆነ የተጠየቀው ዓረፍተ ነገር የእሱ ቀጥተኛ ማፍረሻ ነው። ስለዚህ ሐሰት ነው።

ሥራችሁን መፈተሽ ስትፈልጉ ያንኑ ግልበጣ እንደገና አድርጉበት። አቻ ከሆነ መነሻው ላይ ይመልሳችኋል፤ «ያልሆነ ያልሆነ» ተጣፍቶ ባዶ ይሆናልና። የተወሰነው ኮንቨርዥን ግን አይመልሳችሁም። አቻ እንዳልሆነ የሚታወቀውም በዚሁ ነው።

መደቡ ባዶ ቢሆንስ?

«ያለ ፈቃድ የሚገቡ ሁሉ የሚከሰሱ ናቸው» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ማንም አልገባም። ማስታወቂያው ሐሰት ሆነ? አብዛኞቻችን «አይ» እንላለን። ከእሱ ግን በተወሰነ ኮንቨርዥን «አንዳንድ የሚከሰሱ ሰዎች ያለ ፈቃድ የሚገቡ ናቸው» ብንል፣ ቢያንስ አንድ ገቢ አለ ብለናል። የለም እኮ።

ነባሩ ሎጂክ ይህን የሚያልፈው መደቦቹ ባዶ እንዳልሆኑ አስቀድሞ በመቀበል ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጆርጅ ቡል የመሠረተው ዘመናዊ አተያይ ግን ይህን ግምት ከኤ እና ከኢ ላይ አነሳው። በዚያ አተያይ የኤ የተወሰነ ኮንቨርዥንም ሆነ የኢ የተወሰነ ኮንትራፖዚሽን አይሠራም። ኦብቨርዥን፣ የኢ እና የአይ ኮንቨርዥን፣ የኤ እና የኦ ኮንትራፖዚሽን ግን በሁለቱም አተያይ ሳይነኩ ይቆያሉ። ፈተና የሚወስድ ሰው በየትኛው አተያይ እንደተጠየቀ መጀመሪያ ይመልከት፤ መልሱ ሊቀየር ይችላል።

ወደ ሲሎጂዝም ስትሻገሩ

ሲሎጂዝም ከሁለት ዓረፍተ ነገሮች ተነስቶ ሦስተኛውን የሚደመድም ክርክር ነው። አርስቶትል ኮንቨርዥንን የተጠቀመበት ዋናው ቦታ ይህ ነው። ዓይን ውስጥ ቶሎ የማይገባ ክርክርን ግልጽ ወደሆነው ቅርጽ ያመጣበታል። ይህን ተመልከቱ፦ «አንድም ወፍ አጥቢ አይደለም። ሁሉም የሌሊት ወፎች አጥቢዎች ናቸው። ስለዚህ አንድም የሌሊት ወፍ ወፍ አይደለም።» የመጀመሪያውን ብቻ ብትገለብጡት «አንድም አጥቢ ወፍ አይደለም። ሁሉም የሌሊት ወፎች አጥቢዎች ናቸው» ይሆናል፤ ድምዳሜው ራሱ ይመጣል።

የመካከለኛው ዘመን መምህራን ይህን ክርክር «ቼሳሬ» (Cesare) ብለው ሰየሙት። ስሙ ውስጥ ያሉት አናባቢዎች የሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች ዓይነት በተራ ይነግራሉ፦ ኢ፣ ኤ፣ ኢ። ከመጀመሪያው አናባቢ ቀጥሎ ያለው «ሰ» ደግሞ «ይህን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ገልብጠው» የሚል ትእዛዝ ነው። «ዳራፕቲ» (Darapti) በሚባለው ሌላ ክርክር ስም ውስጥ ያለው «ፕ» ግን «ገልብጠው፤ ሲገለበጥ ግን ወደ አንዳንድ ይውረድ» ይላል።